ለእህቴ ያልደረሰ ሕግ

ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ባለችው ምግብ ቤታችን ቡና ሲፈላ ጨዋታው ይደራል። በቀደም አንድ ደንበኛችን «የሀገራችን ዳኛ ለማን ጠቅሞ ያውቃል?» ሲል እኔ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ስም ጠራሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ታላቅ እህቴ ተጠልፋ ነው ያገባችው። ውሃ ልትቀዳ እንደወጣች ቀረች። ሽማግሌ ተላከ፣ እርቅ ተባለ፣ አለቀ። አባታችን ቢከስ እንኳ የ1957ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ጋብቻውን ካጸና ከቅጣት ያድነው ነበር።

ወይዘሮ መዓዛ አሶሳ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው፣ ከ1989 እስከ 1992 የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሠሩ። በ1995 ከጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ጠበቃ መቅጠር ለማትችል ሴት በነፃ የሚቆም ማኅበር ነው።

በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ልታመልጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለችው፤ በነፍስ ግድያም ተከሰሰች። ማኅበሩ ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በ2014 የወጣው «ድፍረት» የተባለው ፊልም መነሻው ይኸው ጉዳይ ነው።

ማኅበሩ በዚህ አላቆመም፤ ሕጉ ይለወጥ ብሎ ወተወተ። በ2000 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን የጠላፊ ማምለጫ ዘጋው።

ወይዘሮ መዓዛ በኅዳር 2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በቦታው ሴት ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ናቸው። በጥር 2023 ለቀቁ። በእነዚያ ዓመታት ስለተሠራውና ስላልተሠራው ሰው ይከራከራል፣ ይከራከር። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራቸው ከሹመቱ በፊት የሠሩት ነው።

ጠለፋ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ግን ዛሬ የምትጠለፍ ልጅ አባት የሚይዘው ሕግ አለው። ይህን በስልክ ለእህቴ ባጫውታት፣ ዝም ብላ ቆየችና «ለልጆቹ እንኳን ደረሰላቸው» አለችኝ።

እናንተም ሴት ልጃችሁ ሕግ ልማር ስትል «ነርስነት ይሻልሻል» ብላችሁ አታስቀሯት።