ፒንጉ ቀጨኔ ሲገባ

ዙሪክ የምትኖረው አክስታችን በሰው እጅ የምትልከው ዕቃ ዓይነቱ አይለወጥም ነበር፦ ለአያታችን ለእማማ የጉልበት ቅባት፣ ለእናታችን ሹራብ፣ ለእኛ ቸኮላት። አንድ የገና ሰሞን፣ በኛ አቆጣጠር 1980ዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ከቸኮላቱ ሥር የቪዲዮ ካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ ሆዱ የነጣ፣ ጀርባው የጠቆረ ወፍ፣ ፒንጉ የሚባለው ፔንግዊን፣ በረዶ ላይ ቆሟል። ታላቅ ወንድሜ ካሴቱን ገልብጦ የጀርባውን ጽሑፍ አየና «ጀርመንኛ ነው፤ ግን አታስቡ» አለን። ጀርመንኛ አያውቅም ነበር። እኛም አላሰብንም፤ ሂንዲም አያውቅም ነበርና።

በዚያ ዘመን በሰፈራችን፣ በቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ዴክ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ዴክ ባለበት ቤት ደግሞ አስተርጓሚ አይጠፋም። የኛ ቤት አስተርጓሚ ታላቅ ወንድሜ ነበር። የሕንድ ፊልም ሲታይ ሂንዲውን፣ የካራቴ ፊልም ሲታይ ቻይንኛውን፣ የአሜሪካ ሲሆን እንግሊዝኛውን ለተሰበሰበው ሁሉ በአማርኛ ያቀርባል። እንግሊዝኛውን ግማሽ በግማሽ ይሰማ ነበር፤ የቀረው ከራሱ ነው። አገልግሎቱም በነፃ አልነበረም። ከቴሌቪዥኑ ትይዩ ያለው ሶፋ የእሱ ነው። ውሃ ሲጠማው የሚቀዳለት ሌላ ሰው ነው። ካስቀየምነው ደግሞ ሽማግሌው የልጁን እውነተኛ አባት ሊናገር ሲል አፉን ለጉሞ ይቀመጣል። እማማ እንኳ «ምን አለ? ምን አለ? በሞቴ ንገረኝ» እያለች ትለማመጠው ነበር።

ካሴቱ ገባ። የጎረቤት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለዋል። በረዶ፣ ከበረዶ የተሠራ ክብ ቤት፣ ቤቱ ውስጥ አባት፣ እናትና ልጅ። ልጁ አንድ ነገር ተናገረ። ወንድሜ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። እናትየው ጉሮሮዋ ውስጥ የሚንከባለል ረጅም ነገር መለሰች። አባትየው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አጉረመረመ። ሁላችንም ወደ ሶፋው ዞርን።

«እራት ቀርቧል እያለችው ነው» አለ ወንድሜ።

«እሱማ ይታያል» አለችው እማማ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ሞክሮ ተወው። የፒንጉ ንግግር ጀርመንኛ አልነበረም፤ የማንም አገር ቋንቋ አልነበረም። ቃል የለውም፤ ቁጣ አለው፣ ልመና አለው፣ ሽርደዳ አለው፣ «እኔ አይደለሁም» አለው። ልጁ ሲከፋው ወይም ነገር ሲያምረው መንቃሩን እንደ ጡሩምባ አርዝሞ «ኑት! ኑት!» ይላል። በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ኑት! ኑት!» ይል ነበር፤ ሶፋው ላይም የቀደመ ይቀመጥበት ጀመር።

ከሁላችን ይበልጥ የተጠቀመችው እማማ ናት። ለዓመታት በልጅ ልጇ አፍ ስትመለከት ኖራ፣ አሁን በገዛ ዓይኗ ፍርድ መስጠት ቻለች። ፍርዷም የማያወላውል ነበር። ፒንጉ ባለጌ ነው፤ ግን ልቡ ደግ ነው። አባትየው ፖስተኛ መሆኑን ወደደችለት፤ የመንግሥት ሥራ ነው። ልጁን ደብዳቤ ለማደል ይዞት ሲወጣማ «እንዲህ ነው አባት» አለች። እናትየውን ግን ከልቧ አከበረቻት። ፒንጉ እራት ላይ አስቸግሮ የተመታበትና ኩርፊያውን ይዞ በሌሊት ከቤት የጠፋበት ክፍል አለ፤ በረዶው በጨለማ ጭራቅ እየመሰለ ሲያስፈራራው፣ ወላጆቹ ሊፈልጉት ሲወጡ፣ እማማ ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ሲገናኙና ሲተቃቀፉ ደግሞ «ብትመታውም እናት ናት» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ወላጆች በዚያ ዱላ ቅር መሰኘታቸውን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ቀጨኔ ውስጥ ያልተወደደው ዱላው ማነሱ ነበር።

እህቱ ፒንጋ ከእንቁላል የተፈለፈለችበትን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳስደገመችን አላስታውስም። ሁለቱ ወላጆች እንቁላሉን ለማሞቅ ሲጨነቁ፣ ዶሮ አስታቅፋ የኖረችው እማማ «አንዲት እንቁላል ብቻ!» እያለች ታዝናለች። ጫጩቷ ቅርፊቱን ሰብራ ስትወጣ እልል ትላለች፤ ቀልዷን አልነበረም። ፒንጉ በመጠጥ ውድድር ሆዱን ነፍቶ ሽንቱ ሲያጣድፈው የሚሮጥበትን ክፍል ደግሞ ለማየት ታፍራለች፤ ፊቷን በነጠላ ሸፍና በነጠላው ቀዳዳ ታየዋለች።

እኔ የምፈራው አንድ ነበር። ፒንጉ ተኝቶ ያልማል፤ አልጋው እግር አውጥቶ ከቤት ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ ትልልቅ ጥርስ ያለው ግዙፍ የባሕር አውሬ ይመጣና እየሳቀ ይጫወትበታል። እዚያ ጋ ስንደርስ ታናሽ እህቴ ከእማማ ቀሚስ ሥር ትገባለች፣ እኔ ወደ ኩሽና ውሃ ልጠጣ እሄዳለሁ። ዛሬም ቢሆን ለልጆች ከተሠሩ ፊልሞች መካከል እንደዚያ በትክክል ቅዠት የሚመስል አላየሁም። አስቂኝ ተከታታይ ውስጥ ይህን ያስገባ ሰው ልጆችን ያውቃል፤ ወይ ደግሞ የራሱን ልጅነት አልረሳም።

ያ ሰው ኦትማር ጉትማን ይባላል። ጀርመናዊ ሲሆን የሠራው ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው፤ ስቱዲዮው ከዙሪክ ብዙም በማትርቅ ሩሲኮን በምትባል መንደር ነበር። የሙከራውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1986 አወጣ፤ ተከታታዩ በስዊስ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1990 ነው። ካሴቱ ቀጨኔ ከመግባቱ አስቀድሞ፣ በ1993፣ አርፏል። እኛ እንግዲህ ስንስቅ የነበረው በሕይወት ከሌለ ሰው ጋር ነው፤ በዚያን ጊዜ ይህን ብሰማ ኖሮ የአልጋው ሕልም ይበልጥ ያስፈራኝ ነበር።

ነገሩ በእጅ መሠራቱን የደረሰችበት ግን ታናሽ እህቴ ናት። ዴኩን አቁማ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ሲቆም፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ «ጭቃ ነው» አለች። ፒንጉ ሲደነግጥ ይጠፈጠፋል፣ ሲቸኩል ድብልብል ሆኖ ይንከባለላል፣ መልሶ ወፍ ይሆናል፤ ይህን የሚያደርግ ሥጋም ሥዕልም የለም። ደግሞ ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ ቆዳው ትንሽ ትንሽ ይላወሳል። ሰው በየምስሉ መካከል በጣቱ ስለሚነካው ነው። የቴሌቪዥን ምስል በሰከንድ 25 ነው፤ አንዱ ክፍል 5 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ 7,500 ምስል ማለት ነው። እያንዳንዱን አቋም ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነሱት እንኳ ወፉን፣ እናቱን፣ ዓሣውን፣ በሩን ከ3,700 ጊዜ በላይ በእጅ ማንቀሳቀስ ነው። አምስት ደቂቃ ለመሳቅ!

እህቴ «ጭቃ ነው» ስትል ሰፈራችን ቀጨኔ መሆኑን አትርሱ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ የሸክላ ሠሪዎች ግቢ ነበር፤ ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት በየደጃፉ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። የሸክላ ሠሪ ደጃፍ መርገጥ የሚፈሩ፣ ልጆቻቸውንም የሚያስፈራሩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ ያን የቆየ ነውር ለማንሳት እንኳ ይቀፈኛል። እማማ ግን ጀበናዋን የምትገዛው ከአንድ ቤት ብቻ ነው፣ ከእትዬ ዘንድ። እኛም ወደዚያው ሄደን አፈር ለመንን።

የሠራነው ፒንጉ በማግሥቱ ተሰነጠቀ። ክንፉን ልናነሳለት ስንል እጃችን ላይ ቀረ። እትዬ ስብርባሪውን አይተው «ይኼ ቁራ ነው?» አሉን። ነገርናቸው። «ገል ተፈጭቶ ካልገባበት መች ይጸናል፣ የኔ ልጅ» አሉና፣ ከራሳቸው ጭቃ ቆንጥረው፣ ወሬያቸውን ከሌላዋ ሴትዮ ጋር ሳያቋርጡ፣ ወፍ አደረጉት። ፊልሙን አይተው አያውቁም። በአውራ ጣታቸው አንድ ጊዜ ጫን አሉት፣ ሆድ ወጣው፤ ቆነጠጡት፣ መንቃር ወጣው። ያን ጊዜ ነው፣ ሩሲኮን ያለው ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የገባኝ። ከእትዬ ጋር አንድ ሙያ ነበራቸው፤ የእሱ ጭቃ ብቻ አይደርቅም። ፕላስቲሲን የሚባለው በዘይት የተለወሰ ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ቢነኩት እሺ ይላል፤ ዊልያም ሃርበት የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ጥበብ መምህር በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ያወጣው ነገር ነው። የቀጨኔ ጭቃ አንድ ጊዜ ከተባለው በኋላ ሐሳቡን አይለውጥም።

ወፋችን ከጀበናዎቹ ጋር ተተኮሰ። ጀበና ጥቁረቱን የሚያገኘው ከጭሱ ነውና፣ ፒንጉም ከእሳት ሲወጣ ከራሱ እስከ እግሩ ከሰል ሆነ። እህቴ ሆዱን በጠመኔ ቀባችው። እማማ ረከቦቷ ጥግ ላይ አስቀመጠችው፤ እንግዳ በጠየቀ ቁጥር «የበረዶ አገር ልጅ ነው» ትላለች።

ድምፁን ያወጣው ማን እንደሆነ የተረዳሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ካርሎ ቦኖሚ ይባላል፤ የሚላኖ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ምዕራፎች አባቱም እናቱም ፒንጉም ፒንጋም፣ ከጉድጓዱ ብቅ እያለ ፒንጉን የሚያበሽቀው ሮቢም፣ ሁሉም እሱ ነበር። ከዚያ በፊት ኦስቫልዶ ካቫንዶሊ በአንድ መስመር ብቻ የሚሥለውን ነጭናጫ ሰውዬ ያናግር ነበር፤ ያም ቃል የለውም፣ ያም ሲሳደብ ይሰማል። ከጣሊያን የመድረክ አስቂኞች የተወረሰ ጥበብ ነው አሉ፤ ቃሉን ጥለው ዜማውን ብቻ መያዝ። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ሥራው ነው፦ በሚላኖ ማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ የባቡሮችን መነሻና መድረሻ የሚያስታውቀው ድምፅ የእሱ ነበር። አንዲት ፊደል ብትሳሳት መንገደኛ ፍሎረንስ እሄዳለሁ ብሎ ቱሪን የሚወርድበት ሥራ! በአንድ ጉሮሮ ሁለቱን እንዴት እንዳስታረቃቸው እንጃ።

እ.ኤ.አ. በ2001 ፒንጉን እንግሊዞች ገዙት፤ አዳዲሶቹን ክፍሎች ማንቸስተር ውስጥ ሠሩ፤ ድምፁም ወደ ሌሎች ሁለት ተዋንያን ተላለፈ። አላስጠሉኝም። በ2017 የወጣው የጃፓኑ ግን በኮምፒውተር የተሠራ ነው፤ ፒንጉ ከተማ ገብቶ ብዙ ሥራ ይሞክራል። የእህቴ ልጆች ይወዱታል። እኔ አንዱን ክፍል ጨርሼ ማየት አልቻልኩም፤ ወፉ ዝም ብሎ ሲቆም በእውነት ዝም ይላል።

ቦኖሚ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 በ85 ዓመቱ መሞቱን ሳነብ ለታላቅ ወንድሜ ደወልኩለት። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ሰውዬው ማን እንደነበር፣ ንግግሩም ቃል የሌለው እንደነበር፣ ከተለመደው በላይ አብራርቼ ነገርኩት። አዳመጠኝ።

«እንግዲያው» አለ በመጨረሻ፣ «እራት ቀርቧል አላለችም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው የለም ማለት ነው።»