የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች

ከሻሸመኔ ተነስተን በሞጆ መንገድ ወደ ሰሜን ብንጓዝ፣ አርሲ ነገሌን፣ ቡልቡላንና አዳሚ ቱሉን አልፈን ባቱ ከተማ እንደርሳለን። ከከተማው በስተምሥራቅ የዝዋይ ሐይቅ ይታያል። በሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ። እነሱም ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ይባላሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው።

የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ዓሣ ያጠምዳሉ። አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው የድንጋይ እርከን ሠርተው ያርሳሉ። ዱሮ ሐይቁን የሚሻገሩት በደንገል ታንኳ ነበር። ቋንቋቸው ዛይኛ የስልጥኛና የሐረሪ ቋንቋ ዘመድ ነው።

በቱሉ ጉዶ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በእርሷ ዘንድ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ከአክሱም ሸሽተው እዚህ ተጠግተው ነበር። ይህ በቃል የመጣ ታሪክ ነው። መጻሕፍቱ ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው። ጠብቀው ለዛሬ ያደረሱልን የደሴቶቹ ካህናት፣ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ይህ እኮ ቀላል ሥራ አይደለም!

ከሐይቁ በስተምዕራብ ደግሞ ጋደሞታ የሚባል ከፍታ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው የጥንት ሰዎች ከጥቁር ባልጩት የጠረቧቸውን መሣሪያዎች አገኙ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ላላወቀው ሰው ግን ተራ ድንጋይ ይመስላሉ።

ዛሬ ሥጋት አለ። መሬት ስለጠበበ ብዙ ዛዮች ደሴቶቹን ትተው ወደ ሐይቁ ዳርቻ ወጥተዋል። ልጆቻቸው ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛና አማርኛ ይናገራሉ። የዛይኛ ተናጋሪ እያነሰ ሄዷል። ሽማግሌ ሲሞት፣ ያልተጻፈው ታሪክ አብሮት ይቀበራል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማረሻችን የተጠረበ ድንጋይ ወይም የጥንት ገንቦ ቢያወጣ አንስበረው፤ አንሽጠውም። ባለበት ትተን ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት እንንገር። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅም ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያሳውቅ ያዛል።

ሌላም ሥራ አለን። አሁን ማንበብና መጻፍ ችለናል። እስቲ በዚህ ሳምንት ከመንደራችን ሽማግሌዎች አንዱን ስለ አካባቢው እንጠይቅ። የነገሩንን፣ የቦታውንም ስም ጭምር፣ በደብተራችን እንጻፍ። ለልጆቻችንም እናንብብላቸው።