ያልቀላ ዐይን

«ዐይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል» ይባላል። እኛ ግን ሳናይ ፈርደን ስለነበር፣ ስሕተታችንን ለዚህ ግድግዳ አንባብያን ማካፈል ይገባናል ብለን ተነሥተናል።

ለማስተማር ልምምድ ቦሌ ውስጥ፣ ገርጂ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት አራት ሆነን ተመድበን ነበር። ሁለተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከሰሌዳ ስትገለብጥ መስመር ትዘላለች። ጠዋት ሰልፍ ላይ ታነክሳለች፤ ረፋድ ላይ ግን ትሮጣለች። እኛም ተመካክረን «ይቺ ልጅ ሰነፍ ናት፤ ማነከሱም ማስመሰል ነው» አልን። «ቲቸር፣ አይታየኝም» ስትለን «ዐይንሽ ምንም አልሆነም፤ ቀይ እንኳ አይደለም እኮ!» ብለን ወደ ኋላ ወንበር መለስናት።

እናቷን ብናስጠራ፣ «ጉልበቷን ካመማት ዓመት አለፈው። ብርድ ነው ብለውኝ በቅቤ አሻታለሁ» አሉን። ከመካከላችን አንዷ ብትነካው ጉልበቷ አብጧል፣ ይሞቃልም። ነገሩን ለሚከታተሉን መምህር ብንነግራቸው፣ «ቆዩ እስቲ፣ ዐይኗን ሐኪም ይይላት» አሉ። ጉልበት ከዐይን ጋር ምን አገናኘው? እየገረመን ከእናትዮዋ ጋር ከገርጂ መገናኛ፣ ከመገናኛ ምኒልክ ሆስፒታል ወሰድናት።

ሐኪሟ በመሣሪያ ብርሃን ዐይኗን አይተው እንዲህ አስረዱን። የሰውነት መከላከያ ኃይል ሥራው ከውጭ የሚገባን ተሐዋሲ መዋጋት ነው። አንዳንዴ ግን ዘብ የቆመለትን ቤት መልሶ ይወጋል። ከ16 ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምርና ከ6 ሳምንት በላይ የሚቆይ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት የልጆች መገጣጠሚያ ሕመም ከዚህ ወገን ነው። ይኸው መቆጣት ወደ ዐይን ውስጥም ሲዛመት ዩቪያይተስ ይባላል። ክፋቱ፣ በእነዚህ ልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዐይን አያቀላም፣ አያምም። ውሎ ሲያድር ግን የብሌኑ ጠርዝ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ይጣበቃል፤ ሞራ ይጋርዳል፤ የዐይን ግፊት ይጨምራል። መጨረሻው መታወር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዚህ ሕመም ተጠቂ የሆነ ልጅ ምንም ባይሰማውም ዐይኑ በየጊዜው፣ አደጋው ከፍ ያለበት ደግሞ በየ3 ወሩ መታየት አለበት።

ለምን አልጠረጠርንም? በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ የትራኮማ ውጤት ነው። እኛም ያደግነው ዝንብ የወረረውና ያዠ ዐይን እያየን ነው። የታመመ ዐይን ማለት የቀላ ዐይን ብቻ መሰለን።

ነገሩ በልጆች ብቻ አያበቃም። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ዐይኑ ደርቆ አሸዋ የገባበት ያህል ሊቆረቁረው ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሲታወክ ዐይን ወደ ውጭ የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ ሲጋራ ደግሞ ያባብሰዋል። የስቴሮይድ ጠብታም ሐኪም ሲያዝዘውና ሲከታተለው ዐይን ያድናል፤ በራስ ፈቃድ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መጠቀም ግን ራሱ ሞራና ግላኮማ ያመጣል።

ለልጅቷ ጠብታና በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ታዘዘላት። የቀኝ ዐይኗ በጊዜ ተደረሰለት። የግራው ግን የጠፋበት ብርሃን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አሁን ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። እናቷ «እግዜር ይስጣችሁ፣ ልጆቼ» ሲሉን አንገታችንን ደፋን። ከኋላ ያስቀመጥንባቸውን ሳምንታት እሳቸው አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን።

ውድ ሠልጣኞች፣ ነገ ክፍል ስንገባ የቀላውን ብቻ አንፈልግ። ጠዋት የሚያነክስ፣ ሰሌዳው አልታየኝም የሚል፣ ደብተሩን ፊቱ ላይ የሚለጥፍ ልጅ ካለ ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቀው፤ ለወላጆቹም እንንገር። መርምሮ ማከም የሐኪም ፈንታ ነው። ልጁን ዘወትር የሚያየው ግን መምህሩ ነው።