ጠብታ ቆጣሪው

አባቴ በጓሮ ክፍሉ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቶርኖ ነበረችው። ብረት በተቆረጠ ቁጥር ስለቱ ይግላል፤ ተጠቅልሎ የሚወርደው ቅራፊ ሰማያዊ መልክ ከያዘ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1880ዎቹ፣ በስለቱ ጫፍ ላይ ውሃ በብዛት ቢፈስስ የመቁረጫውን ፍጥነት ከ30 እስከ 40 በመቶ ማሳደግ እንደሚቻል በሙከራ አረጋግጦ ነበር።

አባቴ ግን ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አልነበረውም። ስለዚህ የዘይት ቆርቆሮ ከቶርኖዋ በላይ ሰቀለ፤ ከሥሩም ያልተሠራበት የግሉኮስ ቱቦ አያያዘ። በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት የሚነጣውን ዘይት ሞላበት። ውሃው ያቀዘቅዛል፤ ዘይቱ ያለሰልሳል፣ ዝገትም ይከላከላል። ትንሿን መዘውር ይዤ ጠብታ መቁጠር የእኔ ሥራ ነበር።

«አታብዛው፣ ልጄ፤ ብቻ ጫፉን አትሳት» ይለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ በሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ያንኑ ቱቦ አየሁ። አባቴ ዓይኑን ገልጦ፣ «ማነው የሚቆጥረው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ፈገግ ብሎ መልሶ ከደነው።

ካረፈ በኋላ ቶርኖዋን የገዛው ወጣት ቆርቆሮውን ሊጥል ሲያነሣ እጁን ያዝኩት። ዘይቱን በጥብጬ ሞላሁ፤ መዘውሩን አላልቼ አቆጣጠሩን ላሳየው ጀመርኩ። የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስቆጥር የምውል ሰው። ዐሥራ ሁለተኛዋ ጠብታ ላይ ግን ቁጥሩ ጠፋብኝ።