አስታማሚ የሌለው ታማሚ

የእኛ አገር ሆስፒታል ሥራ ግማሹ በአስታማሚ ጫንቃ ላይ ነው። የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ የሚሮጠው፣ ደም የሚለግሰው፣ አጥሚት የሚያመላልሰው፣ ቀዶ ሕክምና ሲባልም የሚፈርመው እሱ ነው፤ መጻፍ ካልቻለ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል።

አስታማሚ የሌለውስ? የወሎዋን መካነ ሰላም ከተማ አስቡ። ከከላላ፣ ከወግዲ፣ ከሳይንት ሰው ይመጣባታል፤ የቀን ሠራተኛ ያልፍባታል፤ ልጆቻቸው ዓረብ አገር የሄዱባቸው አዛውንት ብቻቸውን ይኖሩባታል። ከእነዚህ አንዱን ባጃጅ ራሱን እንደሳተ አምጥቶ አወረደው እንበል። ስልክ የለውም። በስኳር በሽታ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። አንገቱ ላይ ማተብ ይፈለጋል፤ ቢያንስ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ይታወቅ ተብሎ። «የእኔ ነው» የሚል ግን አይገኝም።

ነፍሱ አጣዳፊ አደጋ ላይ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ፊርማ አይጠበቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎቱን የነፈገ የጤና ባለሙያን ይቀጣል። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው። እግሩ ይቆረጥ ወይስ ጥቂት ቀን ይታይ? ደሴ ሪፈር ቢባል አምቡላንሱ ውስጥ ማን አብሮት ይቀመጣል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ራሱን ማስተዳደር ላቃተው ሰው ፍርድ ቤት አሳዳሪ የሚሾምበትን መንገድ አስቀምጧል፤ የሚበሰብስ እግር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ስለዚህ ውሳኔው ተረኛ ሐኪሙ ላይ ይወድቃል። ጠያቂ ስለሌለ ተቻኩሎ ሊቆርጥ ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ጯሂ የሌለው ታማሚ ተራው ሳይደርስ ውሎ ማደሩ ነው።

እንግሊዝ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ቤተሰብና ወዳጅ ለሌለው እንዲህ ያለ ሰው ከባድ ሕክምና ሲታሰብ፣ ከሆስፒታሉ ነጻ የሆነ ጠበቃ መሳይ ሰው ይቆምለታል። ወሎ ደግሞ ቅሬ የሚባል መረዳጃ ማኅበር አለው። እንግዳ ሰው ቢሞት መቃብር ቆፍሮ በወግ የሚቀብር ቅሬ፣ ሰውየው በሕይወት ሳለ የማይጠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሁለት የቅሬ ሽማግሌዎች፣ የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና ታማሚውን የማያክም ሌላ ሐኪም አንድ ላይ ይቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ሕክምና አይመርጡም፤ በገበያ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን አስነግረው የሚያውቀውን ሰው ያፈላልጋሉ፣ በምን ይተዳደር እንደነበር ያጣራሉ፣ ሐኪሙንም «ለምን ዛሬ? ለምን ነገ አይሆንም?» ብለው ይጠይቃሉ። ውሳኔው ከነምክንያቱ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ብቻችሁን የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁ ባሕር ማዶ ያሉባችሁ፦ የምታምኑትን የአንድ ጎረቤት ስልክ ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር አስቀምጡ። የምትፈልጉትንና የማትፈልጉትንም አሁኑኑ ንገሩት።