የሐይቅ ቆሎ

ከደሴ ተነስታችሁ የወልዲያን መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው። ባለፈው ክረምት የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ስሄድ ግን ተራራውንም ውሃውንም በቅጡ አላየሁም። መንገዱን ሙሉ ሥራዬ የብስኩትና የቺፕስ ከረጢት ጀርባ ማንበብ ነበር።

ልጄ ሴሊያክ የሚባል ሕመም አለባት። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሆዷ ሲገባ የገዛ ሰውነቷ ትንሹን አንጀቷን ያጠቃዋል፤ የበላችው አይጠቅማትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷ ተነፍቶ፣ ደሟ አንሶ፣ ከእኩዮቿ አጥራ፣ እኛ የወስፋት መድኃኒት ስንሰጣት ኖርን። በደም ምርመራና ከአንጀቷ በተወሰደ ናሙና ሕመሙ ሲታወቅ የታዘዘልን ክኒን የለም፤ ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ብቻ። (እናንተም ልጃችሁን ከጠረጠራችሁ ሳይመረመር ስንዴ አታስቁሙት፤ ምርመራው ሕመሙን ላያገኘው ይችላል።)

እንጀራው ብዙ አላስቸገረንም። ጤፍ አይጎዳትም፣ ንጹሕ ከሆነና ወፍጮው ከስንዴ ቀጥሎ ካልፈጨው። መከራችን መክሰስ ነው።

ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሱቅ ሦስት ነገር አነሳሁ። ጨው ብቻ ያለበት የድንች ቺፕስ ድንች፣ ዘይትና ጨው ይላል፤ ደህና። ያው ቺፕስ ቅመም ሲነሰነስበት ግን ዱቄቱ ውስጥ ስንዴ ገብቷል። የበቆሎ ነው ብዬ ያነሳሁት ደግሞ መጨረሻው ላይ «ማልት» ይላል። ማልት ብቅል ነው፤ ብቅል ደግሞ በአብዛኛው ገብስ። ስንዴ የሚል ቃል ብቻ እየፈለገ የሚያነብ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ከታች በደቃቅ ፊደል «ሜይ ኮንቴይን ዊት» የሚልም አለ፤ በአንድ ፋብሪካ ስንዴ ስለሚሠራ ሊነካካው ይችላል ማለት ነው። እሱንም መለስኩት። ባለሱቁ የምገዛ አልመሰለውም።

ቤት ስንደርስ እናቴ በአገልግል ሙሉ ቆሎ ይዛ ጠበቀችን። «ስንዴ አይስማማትም ስላልሽኝ ገብስ ብቻ ነው የቆላሁላት» አለች።

ምን ልበላት? ገብሱም ያው ነው ስላት ፊቷ ጠቆረ። «የአያቷን ቆሎ የማትበላ ልጅ ምን ልትበላ ነው?» ብላ አገልግሉን ከደነችው። ጭኮውም፣ በሶውም አብሮ መቅረቱን ሳትጠይቀኝ ገባት መሰለኝ፣ እስከ ማታ ብዙም አላናገረችኝ።

ጥፋቱን የሠራሁት በማግስቱ ነው፣ ያውም እኔው። ሐይቁ ዳር ስንናፈስ በላስቲክ የታሸገ ኦቾሎኒ ገዛሁላት። ኦቾሎኒ እህል አይደለም ብዬ። ሌሊቱን ስታስመልስና ሆዷን ይዛ ስታለቅስ አደረች። ጠዋት ወደ ሻጯ ተመልሼ የት እንደምትቆላው ጠየቅኳት።

«ከቆሎው ጋር ነው እትዬ፤ ምጣዱ አንድ ነው» አለችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ቀድሞ የጠየቃት የለም።

ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ «ከግሉተን ነፃ» የሚለው በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ያለበትን ነው። ከቁንጥር ያነሰ ነገር ነው። ምጣድ ላይ የቀረ የገብስ ዱቄት ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በኋላ ዓሣውንም አላመንኩትም። ሐይቅ ሄዶ ዓሣ ሳይበሉ መመለስ ያሳዝናል፣ ግን የሚጠበሰው ዱቄት ተነስንሶበት፣ ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ሊሆን ይችላል። ቤት ወስጄ ቀቀልኩላት።

እናቴ ይህን ሁሉ ስታይ ሰንብታ በገበያ ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ስትመለስ አዲስ የብረት ምጣድ ይዛለች። ሽምብራውን ፍሬ በፍሬ ለቀመች፣ ባዕድ እህል እያወጣች። አጠበችው፣ አሰጣችው፣ ቆላችው። ምጣዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራ ጓዳ ሰቀለችው፤ ጎረቤት ሊዋስ ሲመጣ «እሱ የልጄ ነው፣ አይነካም» ትላለች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ልጄ ሽምብራዋን እየቆረጠመች መጣች። እኔም መስኮቱን ከፍቼ ሐይቁን አየሁት።