ስለ ችፌ ምርመራና ስለ ችኵል ፍርድ

ሰው በባልንጀራው ላይ ለመፍረድ ይቸኵላል፤ ራሱን ለመመርመር ግን ይዘገያል። ይህም እውነት መኾኑን የገዛ ቆዳችን አስተማረን።

ባገጫችን፥ ከጆሯችን በታችና ባንገታችን ዙሪያ ችፌ ወጥቶብን ብዙ ወራት ተሠቃየን። ማሳከኩ የሚብስብን ሰኞ፥ ታጥቦ የተተኰሰ ሸሚዝ በለበስን ጊዜ ስለ ነበረ፥ የልብስ አጣቢያችን ሳሙና ነው ብለን ፈረድን። ዐሥር ዓመት ያገለገለችንንም ሴት አሰናበትናት። እርሷም «ጌታዬ፥ ሳሙናው የዱሮው ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሴትዮዋ ሄደች፤ ደዌው ግን አልሄደም። ስለዚህ ወደ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙም ጀርመናዊው ዮሴፍ ያዳሶን እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ለሐኪሞች ያስታወቀውን ምርመራ አደረገልን። ቆዳን በማስቈጣት የታወቁትን ነገሮች፥ ይኸውም በጌጥና በቍልፍ ውስጥ የሚገኘውን ኒኬል፥ ቆዳ የሚለፋበትን ክሮም፥ ሽቶንና የጠጕር ቀለምን እየመጠነ በቫዝሊን ለውሶ በፕላስተር ከጀርባችን ላይ ለጠፈ። የአጣቢዋንም ሳሙና በብዙ ውሃ አቅጥኖ ጨመረበት። ጀርባችንን ውሃ ሳናስነካ 48 ሰዓት ቈየን። ፕላስተሩ በተነሣበት ቀንና ደግሞ በ4ኛው ቀን ሐኪሙ ተመለከተ።

የሳሙናው ስፍራ ንጹሕ ኾኖ ተገኘ። ሽበታችንን ለመሰወር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጕራችንንና ጢማችንን በምንቀባው ጥቍር ቀለም ውስጥ ያለው ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባለው ነገር የተለጠፈበት ስፍራ ግን ቀልቶና አብጦ ውሃ ቋጥሮ ነበረ። እንዲህ ያለው የቆዳ ቍጣ ወዲያው አይነሣም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ኹለት ቀን ይዘገያል። ስለዚህ የቅዳሜውን ጥፋት የሰኞው ሸሚዝ ተሸከመው።

ቀለሙን ተውን፤ ችፌውም እየደረቀ ሄደ። ወደ ሴትዮዋም ቤት ሄደን ይቅርታ ለመንን። እርሷም ሽበታችንን አይታ ፈገግ አለችና ይቅር አለችን፤ ነገር ግን ሌላ ቤት ገብታ ስለ ነበረ ወደኛ አልተመለሰችም።

የተወደዳችኹ አንባቢዎች ሆይ፥ ችፌ ኹሉ ከሚነካን ነገር የሚመጣ አይደለም። ነገር ግን ከቤተ ሰባችኹ አንዱ ችፌ አልለቀው ቢል፥ በግምት ምግብ አትከልክሉት፤ በግምትም ሰው አታሰናብቱ። ምርመራውንም በቤታችኹ አትሞክሩት፤ መጠኑን የሚያውቅ ሐኪም ያድርገው። ቆዳ በ4 ቀን እውነቱን ይናገራል፤ ያለ ምርመራ የተፈረደበት ሰው ግን ለዘወትር ሊርቅ ይችላል።